ብር፣ ሽልንግ፣ ፍራንክ፦ የምሥራቁ ዙር ጉዞዬ

አርብ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ

ከተማው ሲታጠን ነው ያመሸው። የኅዳር ሚካኤል ጭስ ከነጠላዬ ሳይለቅ በማለዳ ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ደረስኩ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብርን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ቢሮአችን ውስጥ ከምንዛሪ ሌላ ወሬ የለም። ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዚያ ሰሞን 120ዎቹ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ታዲያ የኑሮ ነገር በተነሣ ቁጥር «ዩክሬን ነው፣ ድርቅ ነው፣ ቀይ ባሕር ነው፤ የዓለም ጣጣ ነው» ይላል። አልተሳሳተም። ግን ዩክሬኑም ድርቁም ቀይ ባሕሩም ለሶማሌላንዷ ሀርጌሳና ለጅቡቲ ያው ነው። ስንዴው ከዚያው ከጥቁር ባሕር ይጫናል፣ መርከቡም በዚያው በቀይ ባሕር መውጫ፣ በባብ ኤል መንደብ ያልፋል። እንግዲህ እዚያስ ገበያው ምን መሰለ? የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ የሁለቱንም ቪዛ አስቀድሜ ጨርሼ ተነሣሁ።

ደብተሬ ላይ አራት ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ ሻይ፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ አንድ ኪሎ ሩዝ፣ አንድ ሊትር ዘይት። በሰፈሬ ዋጋ ሻይ 15፣ ቲማቲም 70፣ ሩዝ 130፣ ዘይት 280 ብር። ይህን ይዤ ላነጻጽር ነው።

ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ገባን። ሙቀቱ ኅዳርም ሆኖ አይምርም። ባጃጁ ከጣቢያው ከተማ ድረስ 400 ጠየቀኝ፤ በ250 ተስማማን። «ቤንዚን እኮ 91 ብር ገብቷል» አለኝ፤ ትክክል ነው፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የአንድ ሊትር ቤንዚን ይፋ ዋጋ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ነበር። «ታዲያ ማደያ ተሰልፈህ ነው የቀዳኸው?» ስለው ሳቀ። በጀሪካን የሚሸጠውን ከመንገድ ዳር ነው የሚገዛው፣ ያ ደግሞ ከ91 በብዙ ይበልጣል። በድጎማ የገባው ነዳጅ ድንበር አልፎ ስለሚሸጥ ማደያው ቶሎ ይደርቃል። ይህን ነገር በኋላ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ አየሁት።

ማታ ታይዋን ገበያ ወጣሁ። ሽቶ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ፓስታ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ተደርድሯል። አንዲት ነጋዴ፣ እትዬ ልበላቸው፣ በርጩማ ሰጥተው አጫወቱኝ። ጥቅምት 2015 መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲከለክል ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ይሆናል? ዕቃው አልጠፋ። የሚመጣበት መንገድ ረዘመ፣ የሚከፈለው ሰው በዛ።»

«አሁን ክልከላው ተነሥቷል፤ ቀነሰላችሁ?»

«ዶላሩ ደግሞ ወጣ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ ነው።» ሳሙናውን ሦስት ጊዜ አገላብጠው አቧራውን ጠረጉና 85 ብር አሉኝ። ገዛሁ።

የድሬ ሻይ 10 ብር፣ ቲማቲም ከቀፊራ 55፣ ሩዝ 115፣ ዘይት 260። ሩዙና ዘይቱ ከአዲስ አበባ የረከሰው ወደብ ስለሚቀርብ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፦ አወዳይ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ

ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ደንገጎ ላይ ሲጠማዘዝ ድሬ ከታች በጉም ትጠፋለች። አወዳይ ወረድኩ። ሐረር የምታምር ከተማ ናት፤ ግን የዚህ አካባቢ የውጭ ምንዛሪ የሚለቀመው አወዳይ ነው።

ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው ጫቱን ሲለዩ እጃቸውን ማየት ብቻ ይበቃል። እንጨቱን ከቀንበጡ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው፤ ዛላው መዳፍ ውስጥ ከአንድ እስትንፋስ በላይ አይቆይም። ይታሰራል፣ እርጥብ ይሸፈናል፣ ፒካፕ ላይ ይወረወራል። ሾፌሩ ሞተር አያጠፋም፤ ዛሬ ከሰዓት ሀርጌሳ ያልደረሰ ጫት ነገ ዋጋ የለውም።

አንድ ደላላ አጠገቤ ቆሞ ሲያወራ ያነሣው ነገር ደብተሬ ውስጥ ገብቷል። ጫቱ ወዲያ ማዶ በዶላር ስለሚሸጥ ብር ሲወድቅ ላኪው በብር ሲመነዘር የሚያገኘው በእጥፍ ጨምሯል፤ ገበሬው ግን እጥፍ አላገኘም። ማዳበሪያው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የውኃ መሳቢያው ናፍጣ እየጨመሩ ያቺን ትርፍ ሳትደርስ በሏት። «ሁለት ወር ደስ አለን» አለ ደላላው፣ «ሦስተኛው ላይ ናፍጣ ጨመረ።»

ሐረር ለምሳ ብቻ ቆየሁ። ሐረርን በምሳ ሰዓት ማለፍ ነውር ነው፤ ጀጎል ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል፣ ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ባቢሌ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ልጆች ለውዝ በመስኮት ያስገባሉ። አንድ ጣሳ 60 ብር። ጣሳዋ ከታች በካርቶን ከፍ ተደርጋለች፤ ልጁ ይህን እንዳየሁ ሲያውቅ አንድ እፍኝ ጨመረልኝ። የጣሳዋ አፍ ያው፣ ሆዷ ግን ጎደለ፤ የግሽበት ቁጥር የሚሠሩ ሰዎች ይህቺን እንዴት እንደሚይዟት አላውቅም።

ጅጅጋ እስክንገባ በየኬላው ፍተሻ ነበር። ወደዚያ ስንሄድ ፈታሾቹ አይተው ያሳልፉናል፤ ከዚያ የሚመጣውን ግን ጣሪያው ላይ ያለውን ሻንጣ ሁሉ ያስወርዱታል። ማታ የግመል ወተት ሻይ ጠጣሁ፣ 25 ብር። ክፍሉ 900 ብር፣ ውኃ በባልዲ።

እሑድ፣ ኅዳር 15፦ ቶጎ ውጫሌ

ድንበሩ ላይ መጀመሪያ የሚታየው መንገዱን ዘግቶ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። መንዛሪዎቹ የታሰረ ሽልንግ እንደ ጡብ ደርድረው ከኋላው ተቀምጠዋል፤ አንዱ እግሩን ደግፎበት ጋዜጣ ያነባል። የሚሰርቅ የለም። ለመስረቅ ጋሪ ያስፈልጋል።

50 ዶላር ሰጠሁ። የአንድ ሺህ ሽልንግ ኖት አምስት እስርና ጥቂት ሰጠኝ፤ አንድ ዶላር 10,500 ማለት ነው። እስሩን አልቆጠረም፣ እኔም አልቆጠርኩም፤ እዚያ የሚቆጥር ሰው አላየሁም። ብርም ይመነዝራል፣ አንዱን በ80 ሽልንግ ገደማ። ሽማግሌ ነው፣ አማርኛው ጥሩ ነው። «እኔ እዚህ ስቀመጥ አንድ ብር ከ300 ሽልንግ በላይ ነበር» አለኝ።

ቆሜ በስልኬ አሰላሁት፤ እውነቱን ነው። ከ12 ዓመት በፊት ዶላር በእኛ 17 ብር አካባቢ፣ በእነሱ 6,000 ሽልንግ አካባቢ ነበር። ሽልንግን በዚህ ሁሉ ዓመት «ወረቀት» እያልን ስንስቅበት፣ እሱ በዶላር ላይ ግማሽ እንኳ ሳይወድቅ ብር ወደ ሰባት እጥፍ ወርዷል። ያኔ ማንም አገር ዕውቅና ያልሰጠው መንግሥት የሚያትመው፣ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድር የማያገኝ፣ በጋሪ የሚገፋ ገንዘብ! ለሽማግሌው ይህን ስነግረው «እኛ ጋ ብዙ የሚበደር የለም፣ የሚያበድርም የለም» ብሎ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ በርበራ ድረስ የሚዘልቀው አዲሱ አስፋልት ነው። ለሚኒባሱ እስከ ሀርጌሳ 5 ዶላር ከፈልኩ። በየመንገዱ ዳር ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ሾፌሩ በአገጩ እያመለከተ «ኢቶብያ» አለኝና ሳቀ። የድሬው ባጃጅ ያጣው ቤንዚን ይኸው።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ኅዳር 16–18፦ ሀርጌሳ

ያረፍኩት በጓደኛዬ ዘመድ ቤት ነው። ኤዶ (በሶማልኛ አክስት) እያልኩ ነው የምጠራቸው። በ1980 ዓ.ም. ሀርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ልጅ አዝለው በእግራቸው ሐርተሼክ ገብተው፣ ጅጅጋ ዙሪያ በስደት አማርኛ ተምረዋል። ያን ጊዜ የወደቀው ሚግ አውሮፕላን ዛሬ ከተማው መሐል ሐውልት ሆኖ ቆሟል፤ ሥሩ ሻይ ይሸጣል፣ መንዛሪዎችም አሉ።

በየሄድኩበት ዋጋ በዶላር ነው የሚነገረኝ። ምሳ ሩዝ በፍየል 5 ዶላር፤ ሳህኑን ሁለት ሆነን አልጨረስነውም፣ ሙዙን ከሩዙ ጋር መብላት ግን ለመድኩት። ሩዝ በኪሎ አንድ ዶላር፣ ዘይት በሊትር አንድ ዶላር ተኩል፣ ቲማቲም አንድ ዶላር። በብር ሲመታ ሩዙ ከእኛ ብዙ አይርቅም፣ ዘይቱ ያንሳል፣ ቲማቲሙ ውድ ነው፤ ከእኛው ስለሚሄድ። ክፍያው ሁሉ በስልክ ነው። ዛድ የሚባለው አገልግሎት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ማለትም ከቴሌብር 12 ዓመት ቀድሞ። ሽልንግ የምትወጣው ለሻይ፣ ለሎሚ፣ ለአውቶቡስ ነው። ሻይ 3,000 ሽልንግ።

ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ማታ እራት ላይ ነው። ኤዶ ቤት ሁለት ደመወዝተኞች አሉ። ልጃቸው የግል ድርጅት ተቀጥራ በዶላር ይከፈላታል፣ ስልኳ ላይ ይገባል። የወንድማቸው ልጅ አስተማሪ ነው፣ ደመወዙ በሽልንግ ነው። አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ፤ ስለ ኑሮ ሲያወሩ ግን የሁለት አገር ሰዎች ናቸው።

ልጅቷ 2022 እ.ኤ.አ.ን «የስንዴና የፓስታ ዓመት» ትለዋለች። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ፓስታ በሳንቲሞች ጨመረ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ዓለም ሲወርድ እዚህም ይወርዳል። ለአስተማሪው ግን ያ ዓመት ድርቁ ነው፣ እሳቱ ነው። መጋቢት 23 ቀን 2014፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የዋሄን ገበያ ሌሊቱን ነደደ። ከተማው የሚሸምትበት ትልቁ ገበያ ነበር።

«ዕቃው ተቃጠለ፣ ነጋዴው አዲስ ለማምጣት ዶላር ፈለገ» አለኝ። «ሁሉም ዶላር ሲፈልግ ሽልንጉ ይወርዳል። ፓስታው በዶላር አሥር ሳንቲም ሲጨምር ለእኔ ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ አንድ ጊዜ በፓስታው፣ አንድ ጊዜ በሽልንጉ።»

«ደመወዝስ?»

ኤዶ ቀድመው መለሱ፦ «ደመወዙ ይጠብቃል፣ ልጄ። ደመወዝ ትዕግሥተኛ ነው።»

አንድ ወቅት መንግሥት ከ100 ዶላር በታች በስልክ የሚደረግ ክፍያ በሽልንግ ብቻ ይሁን ብሎ እንደነበር ነገሩኝ፤ የራሱን ገንዘብ ሰው እንዲፈልገው። ለጊዜው ሠራ ይላሉ፤ ከዚያ ሱቆቹ ተመልሰው በዶላር መናገር ጀመሩ። እዚህ ላይ እኔም የራሴን ልበል። ዶላር መጠቀም ከግሽበት ያድናል የሚሉ ሰዎች ሀርጌሳን በምሳሌነት ሲጠሩ እሰማለሁ። የሚያድነው ዶላር የሚከፈለውን ነው። ሎሚ ሻጯ፣ ጋሪ ገፊው፣ አስተማሪው የድንጋጤውን ድርሻ ብቻቸውን ነው የሚሸከሙት፤ ስንት ሰው ምን ያህል እንደተሸከመ ደግሞ በአንድ አማካይ ቁጥር አይታይም።

ረቡዕ ጠዋት የእንስሳት ገበያው ሄድኩ። ፍየሎቹ በሳዑዲ ገዢ ዓይን ነው የሚታዩት፤ ከሐጅ በፊት ዋጋቸው ይወጣል። ሳዑዲ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት በሯን በዘጋችባቸው ዓመታት ዶላር ከምንጩ ስለሚቋረጥ ሽልንግም አብሮ ይታመም ነበር አሉኝ። በኢትዮጵያ መስክ የተሰማራ ፍየል በርበራ ወደብ ተጭኖ የሀርጌሳን ምንዛሪ ደግፎ ያቆማል። የእኛ ጉምሩክ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ሐሙስ ማታ፣ ኅዳር 19፦ ወደ ሎያዳ

ወደ ጅቡቲ የሚሄዱት ላንድክሩዘሮች ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተነሥተው በረሃውን ሌሊት ነው የሚያቋርጡት። ጋቢና 50 ዶላር፣ ከኋላ 35። ጋቢና ያዝኩ። ከኋላ ስንት ሰው እንደተጫነ አልቆጠርኩም፤ ጣሪያው ላይም ሁለት ነበሩ።

መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ የጎማ ዱካ ነው፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ደረቅ ወንዝ። ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ተቀየረ። ሰዓት ሳይሞላ ትርፍ ጎማውም ተነፈሰ። ሾፌሩ አልተናደደም፣ አልተሳደበም፤ ፋኖስ ወደሚታይበት አቅጣጫ ጠቆመንና ጎማውን ማንከባለል ጀመረ።

ፋኖሱ የአንዲት ሴት ሻይ ቤት ነው፤ አራት እንጨት፣ ላዩ ሸራ፣ ከታች ምንጣፍ። ጎማው እስኪደፈን ሁላችንም እዚያ ተዘረጋን። ሻዩ ዝንጅብልና ሄል በዝቶበት ወተቱ በረሃውን ያስረሳል። ስንጨርስ ተሳፋሪው በየኪሱ ገባ። አንዱ ሽልንግ ሰጠ፣ 3,000። ሌላው የጅቡቲ ፍራንክ፣ 50። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ በዶላር ቢሰላ 28 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። እኔ የቀረኝ ብር ነበርና ሒሳቡን ሠርቼ 40 ብር ዘረጋሁ፤ እንዲያውም ትንሽ አብልጬ።

ራሷን ነቀነቀች። ሃምሳ።

ሾፌሩ አስተረጎመልኝ። «ሽልንግ ነገ ማለዳ የሚቀበላት አላት። ፍራንክ መቼም ያው ነው። ብርሽን ግን ወደ መንዛሪ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያ ስንት እንደሚሆን አታውቅም።» ሃምሳውን ከፈልኩ። ቢሮአችን ለዚህ ሒሳብ የአደጋ መጠባበቂያ ብሎ መዝገብ ይከፍትለታል፤ እሷ በአሥር ብር ጨረሰችው።

ከአርብ እስከ እሑድ፣ ኅዳር 20–22፦ ጅቡቲ

የጅቡቲ ድንበር ሎያዳ ሲነጋ ደረስን። ማኅተም፣ ጥያቄ፣ ወረፋ፤ ከዚያ አስፋልት። የአክስቴ ልጅ ጅቡቲ ወደብ አካባቢ ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ባልቀበለኝ ኖሮ የአንድ ቀን ሆቴል የሀርጌሳን ወጪዬን ሁሉ ይውጠው ነበር።

ጅቡቲ ዋጋ ሲነግሩህ መጀመሪያ ትደነግጣለህ፣ ከዚያ ለማንም አትነግርም። ቲማቲም በኪሎ 250 ፍራንክ፣ ሻይ 100፣ ሩዝ 200፣ ዘይት 350። የ100 ፍራንክ ሻይ ማለት 70 ብር ነው። ከ10 ዓመት በፊት ያው 100 ፍራንክ 11 ብር ገደማ ነበር። ፍራንኩ ወጥቶ አይደለም። ፍራንኩ ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ አንድ ዶላር 177 ነጥብ 721 ፍራንክ፣ ከያኔ እስከ ዛሬ። በኦጋዴን ጦርነት፣ በ77 ረሃብ፣ ደርግ ሲወድቅ፣ በኮሮና፣ በዩክሬን ያው ነው። ማዕከላዊ ባንካቸው የሚያወጣው እያንዳንዱ ፍራንክ የውጭ ምንዛሪ ማስያዣ ሊኖረው ግድ ነው፤ መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው አትሙልኝ ማለት አይችልም።

«ታዲያ ቀውስ ሲመጣ የት ይገባል?» አልኩት የአክስቴን ልጅ።

የወሰደኝ ዓሣ ቤት ነው። የየመን አሠራር ነው፤ ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እሳቱ ምድጃ ውስጥ በሽቦ ይሰቀላል፣ ቆዳው ይነድዳል፣ ውስጡ ግን ወተት ነው። ከጎኑ ቂጣው ምጣድ ያክላል። 2,000 ፍራንክ፤ በብር አልነግራችሁም። እየበላን ነው ጥያቄዬን የመለሰልኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰሜናችንን ሲዘጋውና የእኛ ንግድ ሲቀዘቅዝ ወደቡ የመኪና ሰልፉ ቀነሰ፤ ድርጅቱ ማንንም ደመወዝ አልቀነሰም፣ ስድስት ሰው ግን አሰናበተ። የጅቡቲ መንግሥትም በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለትልልቅ አበዳሪዎቹ መክፈል አቆመ። እኛም ታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። ሁለቱም አገር ዕዳው ላይ ተሰናከለ። ልዩነቱ የሚታየው ገበያው ላይ ነው፦ በእኛ የወጪው ቀዳዳ ለዓመታት አዲስ በሚታተም ብር ሲደፈን ኖሮ፣ ግንቦት 2014 ግሽበቱ ከ37 በመቶ አልፏል፤ በእነሱ ደፋኝ ስለሌለ ዋጋው በነጠላ አኃዝ ቆይቶ ወጣቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ባልባላ ሰፈር ስታልፉ ታዩታላችሁ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ የራሴን ነው የምመርጠው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሙያዬ ስለሆነ። እኛ ጋ ግሽበቱ አሁን ከዚያ ዘመን ግማሽ በታች ወርዷል ሲባል ሰው ይናደዳል፣ «የት ወረደ?» ይላል። ሊወርድ የሚችለው የመጨመሩ ፍጥነት ነው። የ280 ብር ዘይት እዚያው ነው።

ቅዳሜ ቲማቲም ሻጮቹ ጋ ብዙ ቆየሁ። ሁለቱም የድሬ ሰዎች ናቸው፤ አትክልቱ ከእኛ ይመጣል። ብር ሲወድቅ ቲማቲም በፍራንክ መርከስ ነበረበት ብዬ ተከራከርኳቸው። አንደኛዋ ሚዛኑን አስቀምጣ አየችኝ። «ሁለት ሳምንት ረከሰ። ከዚያ አምጪዎቹ በስልካቸው ምንዛሪ አዩ።» ስለዚህ ድሬ ቀፊራ ላይ ቲማቲም የጨመረው ጅቡቲ ስለምትገዛም ነው። የጎረቤት የቆመ ፍራንክ የእኛን ሚዛን እየሳበ ነው።

ማታ ፔካ ዱዝ፣ የእኛ ከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሰፍሩበት። መኪናቸው ሥር ምድጃ ተለኩሷል፣ ሽንኩርት ይቁላላል። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ውኃው ሳይቀር ከአገር ነው የተጫነው። «እህቴ፣ ቁጭ በይ» ብለው ሽሮ አጎረሱኝ። የውሎ አበላቸው በብር ነው። አንዱ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ድሮ እዚህ ቁርስና ምሳ ምግብ ቤት ይበላ እንደነበር፣ ከዚያ ምሳ ብቻ፣ አሁን የውኃ ፕላስቲክ እንኳ እንደማይገዛ ነገረኝ። ወረፋው ሦስት ቀን ከቆየ ሽንኩርቱ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ከቲማቲም ሻጮቹ በፍራንክ መልሶ ይገዛዋል፣ ራሱ ጭኖ ያመጣውን ሊሆን ይችላል።

ሰኞ፣ ኅዳር 23፦ ናጋድ፣ አሊ ሳቢህ፣ ድሬዳዋ

ባቡሩ ከናጋድ በማለዳ ተነሣ። ከፊቴ የተቀመጠችው ነጋዴ ናት፤ ሁለት ሻንጣ የዱቄት ወተትና ዳይፐር፣ አንዱ ቅርጫት ለስሙ ልብስ። የድሬ ልጅ ናት፣ ወሬዋ አያልቅም። እስከ አሊ ሳቢህ ድረስ የወተቱን ዋጋ ለአጠገቧ ላለችው ሴት እየነገረች ነበር፤ ትልቁ ጣሳ 1,850 ብር፣ ሁለት ለሚወስድ 3,600። ሴትዮዋ ተስማማች፣ ድሬ ሲወርዱ ሊከፋፈሉ።

ደወሌ አልፈን የኢትዮጵያ መስመር ስልኬ ላይ ሲገባ ነጋዴዋ ወደ እኔ ዘወር አለች።

«እህቴ፣ ኔትወርክ ከያዘልሽ የዛሬን ባንክ እዪልኝ።»

አየሁላት። ዶላሩ ከዓርብ ወዲህ ሳንቲሞች ጨምሯል። ሳንቲሞች ብቻ፤ ጮክ ብዬ ነገርኳት።

ጣቶቿን አጥፋ ዘረጋች፣ ወደ ሴትዮዋ ዞረችና «1,900» አለች።

«ቅድም እኮ ተስማምተናል!»

«ቅድም አሊ ሳቢህ ነበርን።»

ሴትዮዋ እኔን ገላመጠችኝ። ድሬዳዋ እስክንገባ ተከራከሩ፤ በ1,875 ተቋጨ።